በአዳማ የክርስቲያን መጠለያ ቤት ለማቋቋም ለምታስቡ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ለምትኖሩ፣ ከጸሎት ስትመለሱ በረንዳ ላይ የተኛውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ላቃታችሁ ክርስቲያኖች ነው። ምናልባት አንድ ምእመን ቦታ እሰጣለሁ ብሏችኋል፣ ወይም በውጭ አገር ያለ ወንድም ገንዘብ እልካለሁ ብሏል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልትወስኑት የሚገባ ብዙ ነገር አለ። እኔ መጠለያን የምመዝነው ስንት ሰው አስገባ ብዬ አይደለም፤ ከወጡት ውስጥ ስንቶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰው መካከል ቆመው ይገኛሉ ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

መጀመሪያ፦ ለማን እንደሆነ ወስኑ

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ችግር ከመንገዳቸው ጋር የተሳሰረ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና መስመር በሞጆ፣ በአዳማና በመተሐራ ያልፋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ ይገባል። ሾፌር በሚያድርበት ቦታ ሁሉ መጠጥ ቤት፣ ጫት መቃሚያና አልጋ ቤት አለ፤ በእነዚህ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶችም አሉ። ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ከማረሚያ ቤት ወጥተው የሚቀበላቸው ያጡ፣ በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው አዳማ ከሰፈሩት መካከል ኑሮ ያልቀናቸው፣ ሁሉም በእነዚሁ ጎዳናዎች ይገናኛሉ።

ሁሉንም እንቀበላለን አትበሉ። በመጠጥ የተጎዳ ወንድ የሚያስፈልገውና ከባሏ ዱላ የሸሸች እናት የሚያስፈልጋት አንድ አይደለም። አንዱ በር የሚከፈትለት ቤት ይፈልጋል፤ ሌላዋ አድራሻው የማይታወቅ ቤት ትፈልጋለች። ስለዚህ አንድ ወገን ምረጡ። ወንድና ሴት በአንድ ግቢ አታሳድሩ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢመጣባችሁ ራሳችሁ አታስቀሩት፤ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲያውቀውና እንዲመራው አድርጉ።

ከጥቃት የሸሹ ሴቶችን ለመቀበል ካሰባችሁ፣ በከተማችሁ ቀድሞ የተጀመረ ሥራ አለ። ቀድሞ ዳኛ የነበሩት ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ መጠለያዎች አሉት። ማኅበሩ የሃይማኖት ተቋም አይደለም። ቢሆንም ምስጢር አጠባበቁን፣ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር የሚሠራበትን መንገድ ሄዳችሁ ጠይቁ። በአዳማ ሆስፒታል ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል ተቋቁሟል። ከእነዚህ ጋር ሳትተዋወቁ አንዲት ሴት እንኳ አትቀበሉ።

በስድስት ወይም በስምንት ሰው ጀምሩ። አነሰ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት።

ሁለተኛ፦ ከቦታ በፊት ሰው

ብዙዎቹ መጠለያዎች የሚፈርሱት በገንዘብ እጥረት ሳይሆን መሥራቹን የሚቆጣጠር ሰው በመጥፋቱ ነው። መሥራቹ ሰብሳቢ፣ ባለቤቱ ገንዘብ ያዥ፣ የአጎቱ ልጅ ዘበኛ የሆነበት ቤት ውስጥ፣ በደል የደረሰበት ነዋሪ ለማን ይጮኻል? ስለዚህ ከመሥራቹ ጋር ዝምድና የሌለው ቦርድ አቋቁሙ። በቦርዱ የጤና ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ በአካባቢው የተከበሩ እናት፣ አፋን ኦሮሞ አሳምሮ የሚናገር የአገር ሽማግሌ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ራሱ በዚያ ሕይወት አልፎ የወጣ ሰው ይኑር። ይህ የመጨረሻው ሰው ሌሎቹ የማያዩትን ያያል። ነዋሪዎች ቅሬታ ሲኖራቸው በቀጥታ የሚደውሉለት አንድ የቦርድ አባል ይመደብ፤ ስልኩም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አዳማ ከቦታ በፊት ሰው ማለት ምን እንደሆነ የምታውቅ ከተማ ናት። የሜኖናይት ሚስዮናውያን በ1930ዎቹ መጨረሻ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን እዚህ ሲከፍቱ አዲስ ሕንፃ አልሠሩም፤ ቀድሞ ጥጥ ይዳመጥበት በነበረ ቤት ውስጥ ነው የጀመሩት። ከዚያ ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመኖቿ ግን በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው ቀጠሉ። 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት፣ በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንፃ ሳይኖራቸው የበዙ ሰዎች ታሪክ ያላት ከተማ ውስጥ፣ ሕንፃ እስኪሠራ ብሎ ሥራ ማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

በአገራችን ስማቸው የሚነሣ ቤቶችም አጀማመራቸው እንዲሁ ነው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወሎ ለንግሥ ሄደው የረሃብ ሕፃናትን ይዘው ሲመለሱ የነበራቸው የራሳቸው ቤት ብቻ ነበር። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚጦሩበት መቄዶንያም በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ ሲጀመር በጥቂት ሰዎች ነው። ከሁለቱም የምትማሩት ብዙ ነው። ይሁንና አንድ ልዩነት ልብ በሉ፦ መቄዶንያ የሚያነሣቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ጧሪ የሚፈልጉ ናቸው። የናንተ ሰው ግን የሚሄድ ሰው ነው። ቤቱም፣ ደንቡም፣ በጀቱም በዚህ ይለያል።

ሦስተኛ፦ ፈቃድ

ቤተ ክርስቲያናችሁ ሕጋዊ ስለሆነች መጠለያውም ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን አይመለከትም፤ የሃይማኖት ተቋም የሚያቋቁመውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን ይመለከታል። ስለዚህ አስመዝግቡት። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ የአስተዳደሩንና የሥራውን ወጪ ለይታችሁ መዝግቡ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ቀበሌውንና በአቅራቢያ ያለውን ፖሊስ ጣቢያ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እወቋቸው፤ ጎረቤቶቻችሁንም ቡና ጠርታችሁ ምን ልትሠሩ እንደሆነ ንገሯቸው። የሰሙት ከናንተ ከሆነ ይታገሣሉ።

መሬት ለበጎ አድራጎት ሥራ ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። እስከዚያ ተከራዩ።

አራተኛ፦ ቤቱና ውኃው

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የስምጥ ሸለቆ መሬት የራሱ ጠባይ አለውና።

ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሰፊ ቦታ አግኝታችሁ ጉድጓድ ልታስቆፍሩ ካሰባችሁ፣ ከምንም በፊት ውኃውን ለፍሎራይድ አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። በወንጂ ስኳር እርሻ ለዓመታት የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ አንገታቸውን ማዞር እስኪያቅታቸው ተጎድተዋል፤ እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ መበለዙን የማያውቅ የአገሬው ሰው የለም። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ይበረታል። የአዳማ የቧንቧ ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ከጉድጓዱ ይሻላል። ለዚህም ነው ከተማ ውስጥ ያለ ጠባብ ቤት፣ ዳር ካለ ሰፊ መሬት ይበልጣል የምለው። ሮቶ ግዙ፤ ውኃ በፈረቃ ነውና።

አዳማ በኮረብታ የተከበበ ጎድጓዳ ላይ ያለች ስለሆነች በክረምት ጎርፍ የሚገባባቸው ሠፈሮች አሉ። ቤት የምትከራዩ ከሆነ በሐምሌ ወይም በነሐሴ እዩት፤ በበጋ የምታዩ ከሆነ የግድግዳውን የውኃ መስመር ፈልጉ፣ ጎረቤትም ጠይቁ። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለምትበረታ ለእያንዳንዱ አልጋ አጎበር ይኑር፤ ክፍት ሮቶም የትንኝ መራቢያ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ አዳማም ተሰምቷል። ስለዚህ ያለ ብረት የተደረደረ የብሎኬት ፎቅ ላይ ሰው አታሳድሩ፤ የመኝታ በሮች ሁሉ ከውስጥ የሚከፈቱ ይሁኑ። ከውጭ የሚቆለፍ በር በመጠለያ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለነፋስም፣ ለእሳትም፣ ለመናወጥም፣ ለሰው ክብርም።

መስኮት ይብዛ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲተኛ የሳንባ ነቀርሳ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው አየር በማይንቀሳቀስበት ነው።

አምስተኛ፦ አቀባበል

ሰው የሚገባው በሐኪም በኩል ይሁን። ይህን እንደ ቢሮክራሲ አትዩት፤ ነፍስ የሚያድን ነው። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊጥለውና ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ሰው የማያየውን እያየ ሊቃዥና ሊሞትም ይችላል። ይህ ሁኔታ በመድኃኒት ይታከማል። በጸሎት ቤት ወለል ላይ አስተኝቶ "ርኩስ መንፈስ ነው" ማለት ግን ሰውን መግደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጠጥ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በሆስፒታል ወይም በሐኪም ክትትል ያሳልፍ፤ እናንተ እዚያ እየሄዳችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ ተቀበሉት። ጫት ያቆመ ሰው እንዲህ አይወድቅም፤ ግን ይደብተዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ ዱካክ ያስጨንቀዋል። ተስፋ የቆረጠ ሰው በእነዚህ ቀናት ብቻውን አይተው።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጣ፣ መድኃኒቱን ማንም አያስቁመው። ፀበል የሚጠመቀውም፣ እጅ ተጭኖ የሚጸለይለትም አብሮ ይዋጥ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለሌላውም ሕመም ምክሩ ይሠራል። ሰንሰለት፣ ገመድ፣ ዱላ በቤታችሁ በምንም ሰበብ አይኑር። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን በአዳማ ሆስፒታል በኩል አስመርምሩ፤ ካስፈለገም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላክ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለት። በሁለተኛው ወር መታወቂያ፦ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ማስመጣት፣ ፋይዳ ማስመዝገብ። መታወቂያ የሌለው ሰው ሲም ካርድ አያወጣም፣ ባንክ ደብተር አይከፍትም፣ አይቀጠርም። የጠፋ መሸኛ ለማስመጣት አንድ ሰው ወደ ገጠር ወረዳ ሁለት ቀን መጓዝ ካለበትም ይጓዝ።

ስድስተኛ፦ እምነታችሁን ግልጽ አድርጉ፣ በእንጀራ ግን አትለውጡ

ቤታችሁ የክርስቲያን ቤት ነው። ጠዋት ይጸለያል፣ ማታ ቃል ይነበባል፤ አትፈሩበት፣ ለሚገባውም ሰው ከበሩ ላይ ንገሩት። ነገር ግን አዳማ የሙስሊሙም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የጴንጤውም፣ የካቶሊኩም፣ የዋቄፈታውም ከተማ ናት። የራበው ሰው "አምናለሁ" ቢላችሁ አፉ ነው ወይስ ልቡ ነው የተናገረው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንንም ሰው በማስገደድ የሚፈልገውን እምነት እንዳይይዝ ማድረግን ይከለክላል፤ ወንጌሉም ከዚያ ያነሰ አይጠይቅም። ወደ ጸሎቱ መግባት በፈቃድ ይሁን፤ ያልገባ ሰው ቁርሱ አይቀንስበት፣ ሥራ አይጨመርበት። ምስክርነቱን በመድረክ እንዲናገር አትጠይቁት፣ ፎቶውንም ለለጋሽ አትላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ያ ፎቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ጉዳይ በማእድ ቤት ይጀምራል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ይጾማል፤ መሥራቾቹ ጴንጤ ስለሆናችሁ ብቻ በስቅለት ሳምንት ሥጋ ወጥ አታቅርቡለት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቤቱ የሚያበስለው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ድንች ይሁን። ማንም አይገለልም፤ በጀቱም ይቀላል፤ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ቅርብ ነው። በዓል ሲሆን ሁሉም እንደ እምነቱ ይከበርለት። ሰርግ ወይም ተዝካር ኖሮት ነዋሪዎቻችሁን ላበላ የሚል ሰው ሲመጣም፣ ቀኑንና የምግቡን ዓይነት በቀን መቁጠሪያ ጽፋችሁ እናንተ ወስኑ።

ሰባተኛ፦ ቀኑና ሥራው

ደንቡ አጭር ይሁን፦ መጠጥና ጫት በግቢው የለም፣ ዱላ የለም፣ ማታ በተወሰነ ሰዓት መግባት፣ የራስን ልብስ ማጠብ፣ ተራ ሲደርስ ማብሰል። ሰክሮ የመጣን ሰው በሌሊት አታባርሩት፤ ለብቻው አሳድሩት፣ በማግሥቱ ተነጋገሩ። ውድቀቱ ከተደጋገመ ወደ ሕክምናው ይመለስ። መውደቅ በዚህ ጉዞ የተለመደ ነው፤ የሚያሳፍረው ሰው ወድቆ የሚደውልለት ሲያጣ ነው።

የነዋሪዎቹን ጉልበት ለቤቱ ገቢ አታድርጉት። ዶሮ ቢያረቡ፣ ብሎኬት ቢመቱ፣ ዳቦ ቢጋግሩ ድርሻቸው በስማቸው ባንክ ይግባ። ከሦስተኛው ወር በኋላ ወደ ውጭ ሥራ ይሂዱ፤ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፣ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ግንባታ አለ። ከመጠጥ ገና የወጣን ሰው ግን በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ወይም በሾፌር ረዳትነት አታስቀጥሩ። ደመወዙ ቢያጓጓም መንገዱ ወዴት እንደሚወስደው ታውቃላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የኪራዩና የምግቡ ወጪ ከአገር ውስጥ መዋጮ ይሸፈን። በየወሩ በቴሌብር ጥቂት የሚልኩ ሁለት መቶ ሰዎች፣ ከውጭ ከሚመጣ አንድ ትልቅ ቼክ ይልቅ ቤቱን ያቆሙታል። የውጭው ገንዘብ ሲቋረጥ ስምንት ሰው በረንዳ ላይ እንዳይመለስ ነው የምለው።

መጨረሻው፦ መውጫው

ሰውየው በገባ በመጀመሪያው ወር ወዴት እንደሚወጣ ተነጋገሩ። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ቤቱን ይለምዳል፣ ዓለምን ይፈራል።

ቤተሰብ ካለው ሽማግሌ ይላክ። በኦሮሞ ባህል ጃርሳ ቢያ ያስታረቁት ሰው በምስክር ፊት የታረቀ ነው፤ ዋጋው ትልቅ ነው። ግን ሽምግልና ለሁሉም አይሆንም። የምትደበደብን ሴት "ለልጆችሽ ስትይ" ብሎ ወደ ደብዳቢዋ የሚመልስ እርቅ እርቅ አይደለም፤ የሷ ጉዳይ በሕግ በኩል ይሂድ። የሚመለስበትን ቤት አስቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩ። በአርሲ ነገሌ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት አረቄ አውጥተው በመሸጥ ነው። ከአረቄ የወጣውን ልጅ ወደ እናቱ ቤት ስትመልሱት፣ ጓዳው ውስጥ የሚፈላው ያው አረቄ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን አጠገባቸው ቤት ተከራዩለት፤ እናቱን ይጠይቅ፣ ይርዳ፣ እዚያ ግን አይደር።

የስድስት ወር ኪራይ ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን ከቁጠባው ይክፈል። ፍራሽ፣ ምድጃና ድስት ይዞ ይውጣ። ለሁለት ዓመት በየወሩ አንድ ሰው ቤቱ ሄዶ ቡና ይጠጣ።

በሚገባበት ሠፈርም እድር ይግባ። የመግቢያውን ገንዘብ በበጀታችሁ ያዙ፤ ከየትኛውም ወጪ አታሳንሱት። በአገራችን እድር የሌለው ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን የሚደርስለት የለውም። ስሙ በእድር መዝገብ የሰፈረ፣ ወር በገባ መዋጮውን የሚከፍል፣ ለቀብር ሲጠራ ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ጎረቤት ነው፤ ትናንት የት እንደነበረ የሚጠይቀውም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ መጠለያ ለማቋቋም ለምታስቡት ሳይሆን፣ በአዳማና በአካባቢዋ ላላችሁ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ነው። ብዙዎቹ እድሮች ለአዲስ ገቢ የሚጠይቁት መግቢያ፣ ከባዶ ለሚነሣ ሰው ከባድ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ያዙ፦ ከመጠለያ ለሚወጣ ሰው መግቢያውን በዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል ፍቀዱለት፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም ሙሉ አባል አድርጉት።